የልጄ ጥፋት ምንድን ነው?
በሥልጠና ላይ የተጎዳ ተጠባባቂ ወታደርና የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት



አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ አንዲት እናት ቡናማ ፖስታ በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ከደጃችን ደረሱ። እኚህ እናት የሰፈራችን ሰው ናቸው፤ ልጆቻቸውንም በየተራ አስተምረናል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ሲደርሳቸው ወደ እኛ ይዘው መምጣት የቆየ ልማዳቸው ስለሆነ፣ እንደ ወትሮው የሐዋላ ወይም የኤምባሲ ወረቀት መስሎን ነበር። የዚያን ዕለት ግን ቡናው እስኪፈላ እንኳ አልጠበቁም። ፖስታውን ከፊታችን አኖሩና «ኡስታዝ፣ አላህ ይስጥዎ፣ አንድ ቃል ሳያጎድሉ ያንብቡልኝ። የልጄ ጥፋት ምንድን ነው?» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው በዲቪ ዕጣ ወደ አሜሪካ ከሄደ ዓመታት ተቆጥረዋል። የኮሌጅ ክፍያ ሲከብደው ለትምህርቱ ድጎማ አገኛለሁ ብሎ በአገሪቱ የጦር ሠራዊት ተጠባባቂ ኃይል ውስጥ ተመዘገበ። ተጠባባቂ ወታደር ዘወትር በጦር ሰፈር የሚኖር አይደለም። በተለመደው አሠራር በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ፣ በዓመት ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል ይሠለጥናል፤ የቀረውን ጊዜ እንደማንኛውም ሰው ሥራውን እየሠራ፣ ትምህርቱን እየተማረ ያሳልፋል። እናቱ ግን ውትድርና ሲባል የሚያስታውሱት የደርግን ዘመን ብሔራዊ ውትድርና ነውና፣ መመዝገቡን የሰሙ ጊዜ ሦስት ቀን ማልቀሳቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ልጁ በዓመታዊው የሁለት ሳምንት ሥልጠና ላይ ከጭነት መኪና ሲወርድ ወድቆ ቀኝ ትከሻው ተጎዳ። ወደ ጦር ሆስፒታል ተወስዶም ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ሲነቃ ጣቶቹ አልታዘዙትም። «የማደንዘዣው ነው፣ ይለቃል» ተባለ። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፤ አልለቀቀም። ኋላ ላይ በሲቪል ሆስፒታል ያየው ሐኪም፣ ነርቩ የተጎዳው በቀዶ ጥገናው ጊዜ እንደሆነ ነገረው። እናቱ ይህን ሁሉ አያውቁም ነበር። ያወቁት በዒድ ቀን በቪዲዮ ሲነጋገሩ ነው፤ ልጃቸው በግራ እጁ ሲጎርስ አዩት። ግራኝ ሆኖ ያልተወለደ፣ በቀኝ እጁ እንዲበላ እሳቸው ራሳቸው ያስተማሩት ልጅ ነው።

ልጁ አንድ ጠበቃ ዘንድ ሄዶ ነበር። ጠበቃው የመኪና አደጋ ጉዳዮችን የሚይዝ ሰው ሲሆን፣ ገና ጉዳዩን ሰምቶ ሳይጨርስ «በአገልግሎት ላይ ነበርክ፤ መንግሥትን መክሰስ አትችልም» ብሎ አሰናበተው። ልጁ ይህን ለእናቱ ሲነግር እናት አላመኑም። እንዴት ይመኑ? አሜሪካ ትኩስ ቡና ፈሰሰብኝ ያለች ሴት እንኳ ካሳ የተፈረደላት አገር መሆኗን በራዲዮ ሰምተዋል። ዘመድ ደግሞ ዝም አይልም። «አንድ ነገር ሳያጠፋ አልቀረም»፣ «ምናልባት ጠጥቶ ይሆናል» የሚል ሹክሹክታ ከጆሯቸው ደርሷል። ልጁ የሆስፒታሉንና የሠራዊቱን ወረቀቶች ቅጂ በሰው እጅ የላከውም እናቱ ራሳቸው አስነብበው እንዲያምኑት ነው። እኛም ያን ምሽት ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር አነበብን። ስለ መጠጥ አንድም ቃል የለበትም። ልጁ ጥፋት እንደሌለበት ነግረናቸው፣ «ታዲያ ለምን አይከስም?» ለሚለው ግን መልስ አልነበረንምና ጊዜ እንዲሰጡን ለመንናቸው። ይህ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ ያነበብነውና የጠየቅነው ነው። ልጆቻቸው ወይም ወንድሞቻቸው በዚያ አገር ሠራዊት ውስጥ ያሉ አንባብያን ቁጥራቸው ጥቂት እንዳልሆነ ስለምናምን፣ ለአንድ ቤት ብቻ ተነግሮ እንዲቀር አልወደድንም።

«ፌረስ» የሚባለው ነገር

እ.ኤ.አ. እስከ 1946 ድረስ አንድ አሜሪካዊ በመንግሥት ሠራተኛ ቸልተኝነት ሲጎዳ መንግሥትን በፍርድ ቤት ካሳ ሊጠይቅ አይችልም ነበር። ንጉሥ አይሳሳትም የሚለው የእንግሊዞች የቆየ አስተሳሰብ፣ ንጉሥ በሌለበት አገርም ለመንግሥት ጋሻ ሆኖ ኖሯል። የተጎዳው ሰው የነበረው መንገድ የምክር ቤት አባሉን ለምኖ ለእሱ ብቻ የሚሆን የካሳ ሕግ እንዲወጣለት መጠበቅ ነበር። ጁላይ 28 ቀን 1945 አንድ የጦር ቦምብ ጣይ አውሮፕላን በጭጋግ ውስጥ ከኒው ዮርኩ ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ጋር ተላትሞ 14 ሰዎች ሞቱ። ለዓመታት ሲንከባለል የቆየው ረቂቅም በቀጣዩ ዓመት በኦገስት ወር የፌዴራል የጉዳት ካሳ ሕግ ሆኖ ወጣ። ሕጉ ወደ ኋላ ተመልሶ ከ1945 መግቢያ ጀምሮ የደረሱ ጉዳቶችን ስለሚሸፍን የዚያ አደጋ ተጎጂዎችም መጠየቅ ቻሉ።

በዚህ ሕግ ውስጥ ወታደርን የሚመለከት አንድ ክልከላ አለ፤ ይኸውም በጦርነት ጊዜ ከሚካሄድ ውጊያ የሚመነጭ ጉዳት ካሳ አያስጠይቅም ይላል። ይህ የሚገባ ነገር ነው። በሰላም ጊዜ በሆስፒታል አልጋ ላይ ስለተኛ ወታደር ግን ሕጉ ምንም አላለም።

ዝምታውን የሞላው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው። በዲሴምበር 1950 ሦስት ጉዳዮች በአንድ ላይ ቀረቡለት። የመጀመሪያው በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በሚገኝ የጦር ሰፈር፣ ጉድለት ባለበት ማሞቂያ ሳቢያ ተነሣ በተባለ እሳት ተቃጥሎ የሞተው ሌተናንት ፌረስ ጉዳይ ነው። ሁለቱ የሕክምና ጉዳዮች ነበሩ። አንደኛው ወታደር በጦር ሆስፒታል ሆዱን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት፣ ከሠራዊቱ ከተሰናበተ በኋላ ዳግመኛ ሲከፈት ከሆዱ ውስጥ ፎጣ ወጣ። ፎጣው 76 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 46 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ሲሆን፣ የአሜሪካ ሠራዊት የሕክምና ክፍል ንብረት መሆኑ ተጽፎበታል። (ይህን ስንነግራቸው እኚያ እናት «ላ ኢላሀ ኢለላህ» ብለው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።) ሌላኛው በጦር ሐኪሞች ስህተት ሞቷል የተባለ ሌተናንት ኮሎኔል ነበር።

ፍርድ ቤቱ ሦስቱንም ከለከለ። ፍርዱን የጻፈው ዳኛ ሮበርት ጃክሰን፣ በኑረምበርግ የናዚ ሹማምንት ሲዳኙ ዋና ዐቃቤ ሕግ የነበረው ሰው ነው። ወታደር ከአገልግሎቱ ጋር በተያያዘ ሁኔታ ለደረሰበት ጉዳት መንግሥትን በዚህ ሕግ ሊከስ አይችልም ብሎ ወሰነ። ደንቡ እስከ ዛሬ በሟቹ ስም «ፌረስ» ይባላል። እናቲቱ ይህን ስም በስልክ ከልጃቸው ሰምተው ኖሮ «ከመኪና ነው ብሎኝ አልነበር እንዴ? ደግሞ የምን ፈረስ መጣ?» ብለው ነበር። ለካስ ሹክሹክታውን ያባባሰው አንዱ ነገር ይኸው ነበር!

የፍርድ ቤቱ ምክንያቶች ምን ነበሩ? አንደኛ፣ ወታደር በትእዛዝ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር ሰው ስለሆነ፣ መብቱ በወደቀበት ክፍለ ግዛት ሕግ ሊወሰን አይገባም ተባለ። ሁለተኛ፣ ለተጎዳ ወታደርና ለቤተሰቡ መንግሥት ጡረታና የአካል ጉዳት አበል ይከፍላል፤ ያ ይበቃዋል የሚል ነው። ሦስተኛው ከ1954 ወዲህ ጎላ ብሎ የመጣ ሲሆን የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ነው፤ ወታደር አለቃውን በፍርድ ቤት እያቆመ እንዴት ትእዛዝ ይከበራል?

ይህ ሦስተኛው ምክንያት ቀላል ነገር አይደለም። እኛም የክፍል ኃላፊ ሆነን ስለምናውቅ ትእዛዝ የሚፈርስበት ቦታ ምን እንደሚመስል እንገምታለን። ጉድጓድ ቆፍር የተባለ ወታደር ጠበቃ እጠራለሁ ቢል ሠራዊት አይቆምም። ነገር ግን ትከሻን የሚከፍት ሐኪም የጦር ትእዛዝ እየሰጠ ነውን? የሐኪሙ ቢላዋ በሲቪል ሆስፒታልም በጦር ሆስፒታልም ያው ቢላዋ ነው። ወታደሩም በዚያች ሰዓት ማደንዘዣ ወስዶ የተኛ በሽተኛ እንጂ ትእዛዝ የሚቀበል ሰው አይደለም። ፍርድ ቤቱ ሁለቱን አለመለየቱ ለእኛ እስከ አሁን አልተዋጠልንም።

እስረኛ የሚችለውን ወታደር የማይችልበት

ደንቡ በጊዜ ብዛት ያስከተለውን ግራ መጋባት ለማየት ጥቂት ጉዳዮችን መመልከት ይበቃል። በዚያው በ1954 አንድ ከሠራዊት የተሰናበተ ሰው በአገልግሎት ዘመኑ የተጎዳ ጉልበቱን በመንግሥት የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ሲታከም እግሩ ተበላሸበት። እንዲከስ ተፈቀደለት፤ በቀዶ ጥገናው ቀን ወታደር አልነበረምና። በ1963 ደግሞ የፌዴራል እስረኞች በእስር ቤት ለደረሰባቸው ጉዳት፣ በሐኪም ስህተት የደረሰውን ጨምሮ፣ በዚያው የ1946 ሕግ መንግሥትን መክሰስ እንደሚችሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወሰነ። እንግዲህ በወንጀል ተፈርዶበት የታሰረ ሰው የሚችለውን፣ አገሩን ሊያገለግል የፈረመ ሰው አይችልም ማለት ነው። የወታደር ሚስትም በዚያው የጦር ሆስፒታል፣ በዚያው ሐኪም እጅ ብትጎዳ መክሰስ ትችላለች። ባሏ ግን በቀጣዩ አልጋ ላይ ተኝቶ አይችልም።

ለቤተሰብ መጽሔት የሚሆነው ደግሞ የእናቶች ጉዳይ ነው። በ2009 አንዲት የአየር ኃይል ሻምበል በጦር ሆስፒታል ልትወልድ ገብታ፣ የማይስማማት መሆኑ በፋይሏ ላይ የተጻፈ መድኃኒት ተሰጣት፤ በተከተለው ችግር ሕፃኗ በአንጎሏ ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰባት። ሕፃኗ ወታደር አይደለችም። ሆኖም የጉዳቱ መነሻ በወታደር እናቷ ላይ የተፈጸመ ነው ተብሎ በ2015 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ክሱን ዘጋው። እናትየው የወታደር ሚስት ብትሆን ኖሮ የሕፃኗ ክስ ይህ መሰናክል አይገጥመውም ነበር። በ2014 ደግሞ በአንድ የባሕር ኃይል ሆስፒታል በዚያው የማዋለጃ ክፍል ነርስ የሆነች መኮንን በወለደች በሰዓታት ውስጥ ደም ፈሷት ሞተች። ባሏ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በሜይ 2019 ጉዳዩን አናይም ተባለ። ያን ዕለት ጉዳዩ ይታይ ካሉት ዳኞች መካከል ክላረንስ ቶማስና ሩት ቤደር ጊንስበርግ ነበሩ። ሁለቱን የሚያውቅ ሰው በስንት ነገር እንደማይስማሙ ያውቃል። ከእነሱ አስቀድሞ በ1987 ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ተከፍሎ ደንቡን ሲያጸና ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ደንቡ ከመነሻው የተሳሳተ ነው ሲል በጽኑ ተቃውሟል።

የተጠባባቂው እንቆቅልሽ

ወደ ልጁ እንመለስ። እናቱ በተደጋጋሚ የጠየቁን «እሱ እኮ ሙሉ ወታደር አይደለም፤ በወር ሁለት ቀን ነው» እያሉ ነው። ጥያቄያቸው ትክክለኛ የሕግ ጥያቄ ነው፤ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶችም ለዐሥርት ዓመታት ታግለውበታል። ተጠባባቂው ዓርብ ማታ ሲቪል ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ሲሰለፍ ወታደር ነው፤ ሰኞ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ነው። ቅዳሜ ተጎድቶ ረቡዕ ቢታከምስ?

ፍርድ ቤቶች ባመዛኙ የሰጡት መልስ ለተጎጂው የከበደ ነው። በ1993 የአሥረኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት የአንድ የኒው ሜክሲኮ ብሔራዊ ዘብ አባልን ጉዳይ አይቷል። በሥልጠና ላይ የደረሰ ጉዳት፣ ከዚያ በአየር ኃይል ሆስፒታል የተደረገ ቀዶ ጥገና፣ ከዚያም የሐኪም ስህተት ክስ ነበር። በቀዶ ጥገናው ጊዜ በንቁ አገልግሎት ላይ አለመሆን አላዳነም። በዚያ ሆስፒታል መታከም የተቻለው በወታደርነት ምክንያት ነውና ጉዳቱም ከአገልግሎት ጋር የተያያዘ ነው ተባለ። የቅርቡ ደግሞ ካርተር በሚባል ስም የታወቀው ጉዳይ ነው። የአየር ብሔራዊ ዘብ አባል የሆነው ሰው በ2018 በዝነኛው የዋልተር ሪድ ጦር ሆስፒታል አንገቱን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ሽባ ሆነ። በዕለቱ በንቁ አገልግሎት ላይ አልነበረም የሚለው መከራከሪያ በበታች ፍርድ ቤቶች ተቀባይነት አላገኘም። በፌብሩዋሪ 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አላየውም፤ ዳኛ ቶማስ አሁንም በተቃውሞ ጻፈ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅን ልቦና መናገር አለብን። የተጎዳ ወታደር ባዶ እጁን ይቀራል ማለት አይደለም። በ1977 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ባየው ጉዳይ፣ ከተበላሸ አውሮፕላን በመውጫ ወንበር ሲዘል የተጎዳው የሚዙሪ ብሔራዊ ዘብ አብራሪ በወር እስከ 1,500 ዶላር የሕይወት ዘመን አበል ይገባው ነበር። የዚህ ልጅ ሕክምናም እስከ ዛሬ በመንግሥት ወጪ ነው። ነገር ግን አበል የሚሰላው በአካል ጉዳቱ መጠን እንጂ በጥፋተኛው ጥፋት አይደለም። ተንሸራቶ የወደቀውም፣ ሐኪም ያበላሸውም እኩል ይታያሉ። ማንም «ተሳስተናል» አይልም። እኚያ እናት የሚፈልጉትም፣ ደጋግመው እንደነገሩን፣ ዶላሩን ሳይሆን ይህቺኑ አንዲት ቃል ነው።

በ2019 የተከፈተው ጠባብ በር

ለልጁ ጠበቃው ያልነገረው ነገር እነሆ። በዚያ አገር ሕግ የሚማር አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ጋ ስንደውል ወዲያው «ስቴይስካል የሚለውን ሕግ ነግረውታል?» አለን።

ሪቻርድ ስቴይስካል በ2004 በኢራቅ ጦርነት ቆስሎ የተረፈ፣ ኋላም በልዩ ኃይል ያገለገለ ወታደር ነው። በ2017 በጦር ሆስፒታል በተነሣው ምስል ላይ በሳንባው ላይ የታየው ነገር ሳይነገረው ቀርቶ፣ ከወራት በኋላ ሲቪል ሐኪም ካንሰር መሆኑን አወቀለት። ያን ጊዜ በሽታው ሥር ሰድዷል። መክሰስ እንደማይችል ሲነገረው ወደ ምክር ቤቱ ሄደ። በኤፕሪል 2019 በተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ቃሉን ሰጠ፤ በዲሴምበር 2019 በመከላከያ በጀት ሕግ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ድንጋጌ ተፈረመ።

ሕጉ ፌረስን አልሻረም። ፍርድ ቤት መሄድ አሁንም የተዘጋ ነው። የተከፈተው ወታደሩ ለራሱ ለመከላከያ ሚኒስቴር አቤቱታ የሚያቀርብበት መንገድ ነው። ሚኒስቴሩ ራሱ ይመረምራል፣ ራሱ ይወስናል፤ ይግባኝ የሚታየውም በዚያው በሚኒስቴሩ ቦርድ ነው። ሰዉ ዳኛውም ተከሳሹም አንድ ሆኑ ብሎ ቢያማርር አይፈረድበትም። እስከ 100,000 ዶላር ያለውን ሚኒስቴሩ ይከፍላል፤ ከዚያ በላይ የሆነውን የአገሪቱ ግምጃ ቤት ይሸፍናል። ከታጣ ገቢ ካሳ ላይም መንግሥት በሌላ መንገድ የሚከፍለው ይቀነሳል።

ሕጉ ተጠባባቂ ወታደሮችንም ይጨምራል፤ ሆኖም ጉዳቱ የደረሰው በፌዴራል አገልግሎት ላይ ሳሉ መሆን አለበት። የጦር ሠራዊቱ ተጠባባቂ ኃይል የፌዴራል ስለሆነ ለዚህ ልጅ መልካም ነው። ብሔራዊ ዘብ ግን አንዳንዴ በክፍለ ግዛቱ ገዥ፣ አንዳንዴ በፌዴራሉ መንግሥት ትእዛዝ የሚሠራ ስለሆነ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስለዚህ የጥሪውን ትእዛዝ ወረቀት መጠበቅ እንደ ፓስፖርት ነው። ወረቀቱ ላይ ያለችው ቀንና የትእዛዙ ዓይነት የሚወስኑት ነገር ብዙ ነው። ሕክምናው የተሰጠውም በተቋቋመ የጦር ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ መሆን ይኖርበታል፤ በጦር ሜዳ ድንኳን የተደረገ ሕክምና በዚህ አይሸፈንም።

ከሁሉ በላይ ግን ጊዜው ነው። አቤቱታው በጽሑፍ፣ በፊርማ፣ የተጠየቀው የገንዘብ መጠን በቁጥር ተገልጾ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ይህን ያነበብን ምሽት የልጁን ወረቀት መልሰን አወጣን። ቀዶ ጥገናው ከተደረገ 19 ወር ከ11 ቀን ሆኖታል። ጠበቃውን አምኖ ቁጭ ቢል ኖሮ ከአምስት ወር በኋላ ያችም ጠባብ በር ትዘጋ ነበር። የዒሻን ሶላት ሰግደን ወዲያው ደወልንለት፤ በእነሱ ገና ቀን ነበር። ዝም ብሎ አዳመጠንና «ኡስታዝ፣ ይህን ለምን ማንም አልነገረኝም?» አለ።

ባለ ስሙ ስቴይስካል በስሙ ከወጣው ሕግ ምን አገኘ የሚል አንባቢ ይኖራል። ሠራዊቱ በ2023 አቤቱታውን ውድቅ አደረገበት። ይህንንም ለልጁ ሳንደብቅ ነግረነዋል።

እንግሊዝስ? በ1947 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ በ10ኛው አንቀጹ ወታደሮችን ከልክሎ ነበር። በ1987 ግን ፓርላማው ያንን አንቀጽ አገደ፤ ከዚያ ወዲህ በጦር ሐኪም የተጎዳ የእንግሊዝ ወታደር ፍርድ ቤት መቅረብ ይችላል። በውጊያ ላይ የሚደረገው አሁንም ተለይቶ ይታያል። ትእዛዝ ይፈርሳል የተባለው ፍርሃት የእንግሊዝን ሠራዊት አልበተነም። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ደንባቸውን ሲተቹ ይህንን ያነሣሉ። በአገራችንም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ባጠፋው ጥፋት የተጎዳ ሰው ካሳውን ከመንግሥት እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ ለዚያም የተሰጠው ጊዜ እንደ አሜሪካው ሁለት ዓመት ነው። ይህን የሚያውቅ ስንት ሰው አለ?

ጥያቄው ለእኛ ለሙስሊሞች እንግዳ አይደለም። ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑ አቡ ዳውድና ሌሎችም በዘገቡት ሐዲስ የታወቀ ነው። ባለሥልጣን ሲሳሳት ካሳው ከራሱ ወገን ይከፈል ወይስ ከበይተል ማል የሚለውን የፊቅህ ሊቃውንት ተከራክረውበታል። ከመካ መከፈት በኋላ በበኒ ጀዚማ ላይ የሆነውም አይረሳም። የተላከው ጦር በስህተት ሰዎችን በገደለ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከድርጊቱ መጥራታቸውን ተናግረው ዐሊይን (ረ.ዐ.) ገንዘብ አስይዘው ላኩ። የሟቾቹ ደም ካሳ ተከፈለ፤ የጠፋው ንብረት፣ ውሻ የሚጠጣበት ሳህን እንኳ ሳይቀር፣ ተተካ። በእርግጥ ያ የራስ ወታደር ሲጎዳ የሚነሣ ጉዳይ አልነበረም። ነገር ግን የጦር ሥነ ሥርዓት አንድ ነገር፣ ለተበላሸው መክፈል ሌላ ነገር መሆኑን ከዚያ እንረዳለን።

ልጁ አቤቱታውን በራሱ እጅ ጻፈ፤ በግራ እጁ ማለታችን ነው። የትእዛዙን ወረቀት፣ የሆስፒታሉን መዝገብና የሲቪሉን ሐኪም ደብዳቤ አያይዞ ጊዜው ሊሞላ ሦስት ወር ሲቀረው አስገባ። የሕግ ተማሪው ልጃችንም የታመነ ጠበቃ አገናኘው፤ በዚህ ሕግ የጠበቃ ክፍያ ከካሳው 20 በመቶ እንዳይበልጥ መወሰኑንም ነግሮታል።

ባለፈው ጁምዓ እናቱ ሌላ ወረቀት ይዘው መጡ። አንድ ገጽ ነው። አቤቱታው መድረሱንና የተሰጠውን መለያ ቁጥር ብቻ ይገልጻል። አንብበን ነገርናቸው። «ተሳስተናል የሚል አለበት?» አሉን። ገና እንደሆነ ነገርናቸው። «የልጄ ስም ግን አለ?» አሉ። አለ፣ ከነአባቱ ስም ከላይ ተጽፏል። ጣታችንን በስሙ ላይ አድርገን አሳየናቸው። እሳቸውም በጣታቸው ዳስሰው፣ ወረቀቱን አጥፈው ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩትና ያ ሹክሹክታ ወደሚነገርበት ወደ ዘመዶቻቸው ቤት አቀኑ።